ፍሬን ሲያዝ ወደ ቀኝ፣ ሲለቀቅ ወደ ግራ የሚስብ አሮጌ ሃይሉክስ

የመክፈቻ ጥያቄ

ከዚህ በታች ያለው በኢንተርኔት መወያያ ላይ በአንድ ጥያቄ ሥር የተከታተሉ መልሶች (ክር) ማጠቃለያ ነው። ጠያቂው በደብረ ብርሃንና በሸዋ ሮቢት መካከል እህልና ሸቀጥ የሚያመላልስበት፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1996 የተሠራ ቶዮታ ሃይሉክስ ፒካፕ አለው። መኪናው ባለ 2.8 ሊትር የናፍጣ ሞተር፣ ከፊትም ከኋላም በባሌስትራ (በተደራረቡ የብረት ቅጠሎች) ላይ የተቀመጠና በአራቱም ጎማ የሚነዳ ሲሆን፣ ሞዴሉ ኤል ኤን 106 መሆኑን ባለቤቱ አስቀድሞ መጻፉ በኋላ ብዙ ከንቱ ክርክር አስቀርቷል። ችግሩ ፍሬን ሲያዝ መኪናው ወደ ቀኝ መሳቡ ነው። በከተማ ውስጥ በዝግታ ሲነዳ ብዙም አይታወቅም፤ ከ3,000 ሜትር በላይ ከሆነው ከጣርማበር ተነሥቶ በደብረ ሲና በኩል 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ወደሚገኘው ሸዋ ሮቢት ሲወርድ ግን መሪውን በሁለት እጁ አጥብቆ ካልያዘ ወደ መንገዱ ጠርዝ ይወስደዋል። ጋራዥ አስገብቶት የፊት ፓዶቹ ተለውጠዋል፣ ዲስኮቹ በቶርኖ ተላልገዋል፣ የግራው ካሊፐርም (ፓዶቹን በዲስኩ ላይ የሚጫነው ክፍል) ተፈትቶ ጎሚኒዎቹ (ዘይት የሚያግዱት ጎማዎች) ተቀይረዋል፤ ይህ ሁሉ ወጪ ከወጣ በኋላ መሳቡ እንደነበረ ነው። የጠየቀውም ቀጥሎ የትኛውን ዕቃ ቢገዛ እንደሚሻል ነበር።

በጽሑፉ ማብቂያ ላይ፣ እግሩን ከፔዳሉ ሲያነሣ መኪናው ለአፍታ ወደ ግራ እንደሚያደላ እንደ ትርፍ ነገር ጠቅሶ አልፏል። ከዚህ በታች ከሰፈሩት መልሶች አብዛኞቹ የተጻፉት ይህችን ዓረፍተ ነገር ሳያስተውሉ ነው።

መልስ 1

የመጀመሪያው መላሽ በትሕትና ሰላምታ ሰጥቶ፣ ማንኛውም ዕቃ ከመፈታቱ በፊት ጎማዎቹ እንዲታዩ መከረ። የሁለቱ የፊት ጎማዎች ነፋስ ጎማው ሳይሞቅ ተለክቶ እኩል መሆን እንዳለበት፣ መጠናቸውም ሆነ ጥርሳቸው የተለያየ ከሆነ ይህ ብቻ መኪናው ወደ አንድ ወገን እንዲሳብ ሊያደርግ እንደሚችል አስረዳ። አስፋልት ውኃ እንዲያፈስ ወደ ጠርዝ ዘንበል ተደርጎ ስለሚሠራ፣ ሙከራው ሜዳ በሆነ ቦታ፣ በአንዱ መንገድ ሄዶ በዚያው ተመልሶ በሁለቱም አቅጣጫ ቢደረግ ከስሕተት እንደሚያድን አከለ።

መልስ 2

ከወልድያ የጻፈው ሁለተኛው መላሽ በዚህ ተስማምቶ፣ የፊት አክስሉ በባሌስትራ ለተያዘ መኪና ሌላም መታየት ያለበት ነገር እንዳለ ገለጸ። ባሌስትራውን ከአክስሉ ጋር የሚያስሩት ቡሎኖች ላልተው ከሆነ ወይም በባሌስትራው ጫፎች ያሉት ትናንሽ ጎማዎች (ቡሾች) ካለቁ፣ ፍሬን ሲያዝ አክስሉ በአንድ በኩል ወደ ኋላ ስለሚሸሽ መሪው ሳይነካ መኪናው ይዞራል። የራሱ ፒካፕ የባሌስትራው የመሀል ቡሎን ተቆርጦበት ሳያውቅ ለረጅም ጊዜ ፍሬኑን ሲያሠራ መኖሩን በምሳሌነት አቀረበ። ጠያቂው ሁለቱንም አይቶ ደህና መሆናቸውን በአጭሩ መለሰ።

መልስ 3 እና 4

ሦስተኛው ካሊፐሩ የሚንሸራተትባቸው ዘንጎች ደርቀው ሊሆን ስለሚችል ተወልውለው ለዚሁ የተሠራ ግራሶ እንዲቀቡ ጻፈ። አራተኛው ቁጣ ባልጠፋበት አነጋገር አስተካከለው። የተባለው ነገር በሁለት ጎማ ብቻ በሚነዳው ሃይሉክስ ላይ እውነት ሊሆን ይችላል፤ በዚህ ሞዴል ላይ ግን ካሊፐሩ በቦታው የታሰረ፣ በግራና ቀኝ ሁለት ሁለት፣ በድምሩ አራት ፓዱን የሚገፉ ፒስተኖች ያሉት በመሆኑ የሚንሸራተት ዘንግ የለውም፤ በሌለ ዕቃ ላይ ምክር መስጠትም ሰውን ገንዘብ ማስከሰር ነው ሲል ወቀሰ። ቁጣው ቢቀርም፣ ቀጥሎ የጻፈው ጠቃሚ ነበር። ከአራቱ ፒስተኖች አንዱ ብቻ ሲጣበቅ ፓዱ በአንድ ጫፉ እየሳሳ በሌላው ወፍራም ሆኖ ይቀራል፤ ስለዚህ ከመኪናው የወጡት አሮጌ ፓዶች ካልተጣሉ ጎን ለጎን ተደርድረው ቢታዩ የትኛው ፒስተን እንደሰነፈ ራሳቸው ይናገራሉ። ጠያቂው ጋራዡ አሮጌዎቹን ፓዶች እንዳልመለሰለት ገለጸ።

መልስ 5

አምስተኛው መላሽ ትኩረቱን ወደ ኋላ እግር (ወደ ኋላ ጎማዎችና ፍሬናቸው) አዞረ። በእንዲህ ዓይነት መኪና የዲፍረንሻሉ ዘይት በአክስሉ ጫፍ ያለውን ማገጃ ጎማ አልፎ ታምቡር (የኋላው ፍሬን ከበሮ) ውስጥ ሲገባ ከውስጥ የሚይዘውን ሸራ እንደሚያበላሽ፣ የተነከረው ወገንም አንዳንዴ እንደሚያንሸራትት አንዳንዴም በድንገት ነክሶ እንደሚይዝ አብራራ። ማገጃው ተለውጦ ዘይቱ ከተመለሰ፣ የዲፍረንሻሉ መተንፈሻ በጭቃ ተደፍኖ ሊሆን ይችላል፤ ሙቀት የፈጠረው ግፊት መውጫ ሲያጣ ዘይቱን በማገጃው በኩል ይገፋዋልና። ዘይት የጠጣ ሸራ በቤንዚን ታጥቦ ወይም በብርጭቆ ወረቀት ተፈትጎ እንደማይድንም አስጠነቀቀ። የኋላው ሸራ ከታምቡሩ ጋር ያለውን ርቀት የሚያስተካክለው የእጅ ፍሬን ሲሳብ ስለሆነ፣ የእጅ ፍሬን የማይጠቀም ሹፌር ፔዳሉ ቀስ በቀስ ወደ ታች እንደሚወርድበትም ጠቀሰ። ለዚህኛው መኪና መፍትሔው እዚህ አልነበረም፤ ሆኖም ከዚህ ክር ውስጥ ለብዙ ሰው የሚጠቅመው መልስ ምናልባት ይህ ነው።

መልስ 6 እና 7

ስድስተኛው፣ ያለ ምንም ማብራሪያ፣ የፍሬን ማስተሩ (ፔዳሉ ሲረገጥ ዘይቱን ወደ እግሮቹ የሚገፋው ክፍል) እንዲለወጥ አዘዘ። ሰባተኛው መላሽ ዕድሜያቸውን በጋራዥ ያሳለፉና በክሩ ውስጥ ሁሉም አንቱ ያላቸው አባት ናቸው፤ ማስተሩ ለምን ተጠያቂ ሊሆን እንደማይችል በትዕግሥት ዘረዘሩ። በዚህ መኪና ላይ የማስተሩ አንዱ ክፍል ለሁለቱ የፊት እግሮች፣ ሌላው ለሁለቱ የኋላ እግሮች የፍሬን ዘይት ይልካል፤ ስለዚህ ማስተሩ ቢደክም ሁለቱ የፊት እግሮች እኩል ይደክማሉ እንጂ አንዱ ከሌላው አይለይም። የቀኝ ፊትን ከግራ ኋላ እያጣመረ በሰያፍ የሚልክ ማስተር ያላቸው ትናንሽ የቤት መኪናዎች ላይ ግን ሌላ ነው። ወደ ኋላ የሚሄደውም መስመር ቢሆን እስከ አክስሉ ድረስ አንድ ነው፤ የጭነቱን ክብደት እያየ ግፊቱን የሚመጥነውን ቫልቭና አንዲቷን የጎማ ቱቦ (የፍሬን ዘይት የሚያልፍባትን ተጣጣፊ ቱቦ) ካለፈ በኋላ ነው አክስሉ ላይ ለሁለት የሚከፈለው፤ እስከዚያ ያለው ብልሽት ኋላን ከፊት ሊያበላልጥ ይችላል እንጂ ግራን ከቀኝ አያበላልጥም። እንግዲህ መፈለግ ያለበት መስመሩ ግራና ቀኝ ከተለያየበት ቦታ ወዲያ ነው፤ ከፊት በኩል ይህ ማለት የብረት ቱቦው፣ የጎማ ቱቦው፣ ካሊፐሩ፣ ፓዱና ዲስኩ ብቻ ናቸው። የስድስተኛው መላሽ ምላሽ አልታየም።

መልስ 8

ስምንተኛው ከዚህ ተነሥቶ ቀላል መመሪያ አቀረበ። መኪና ወደ ቀኝ ከሳበ ቀኙ እየሠራ ነው፤ የሰነፈው ግራው ነው፤ ብዙ ሰው ግን ወደሚስብበት ወገን ያለውን እግር እየፈታ ደህናውን ዕቃ ያበላሻል። ለማረጋገጥ፣ መኪናው ጥቂት ተነድቶ ፍሬኑ ደጋግሞ ከተያዘ በኋላ የሁለቱ ዲስኮች ሙቀት በርቀት በሚለካ መሣሪያ እንዲታይ፣ ያ ከሌለ ውኃ ጠብ ተደርጎበት የትኛው ቶሎ እንደሚያተን እንዲታይ ነገረው። የቀዘቀዘው ጥፋተኛው ነው።

መልስ 9፣ 10 እና 11

ጠያቂው ለክቶ ተመለሰ፤ የሚሞቀው የግራው ነበር፣ ያውም በብዙ። ይህ ነገሩን ሁሉ አመሰቃቀለው፤ ወደ ቀኝ የሚስብ መኪና በግራ ሊሞቅ አይገባውምና። የስምንተኛው መልስ ጸሐፊ መመሪያው ልክ መሆኑን አጥብቆ በመያዝ፣ ጠያቂው ከመኪናው ፊት ለፊት ቆሞ ግራና ቀኙን አምታቶ ይሆናል አለ፤ ግራ የሚባለው ሹፌሩ በተቀመጠበት በኩል መሆኑን ለልጅ እንደሚነገር አድርጎ አብራራ። ጠያቂው ተቆጣ፤ ሃያ ዓመት ሙሉ መሪ የያዘ ሰው የተቀመጠበትን በር ያውቃል በማለት መለሰ። ሌላ ሰው ደግሞ በመሀል ገብቶ አሮጌ መኪና በርካሽ እየገዙ በርካሽ ለማሠራት የሚፈልጉ ሰዎች መንገዱን ለሌላው አደገኛ አደረጉት የሚል ከጉዳዩ የራቀ ትችት ሰነዘረ። አንቱ የተባሉት መካኒክ ሁለቱንም ገሥጸው ወደ ነገሩ መለሷቸው።

መልስ 12

የክሩ መዞሪያ ይህ ነው። በአንድ የቴክኒክና ሙያ ማሠልጠኛ የአውቶሞቲቭ ትምህርት የምታስተምር ሴት፣ መለኪያውም ጠያቂውም አልተሳሳቱም ስትል ጀመረች። ሁሉም የጠየቀው መኪናው ወደየት እንደሚስብ ሲሆን መቼ እንደሚስብ ያየ የለም፤ ጠያቂው ግን ሲይዝ ወደ ቀኝ፣ ሲለቅ ወደ ግራ እንደሚያደላ ገና ከመጀመሪያው ጽፏል። ፔዳሉ ሲረገጥ ግፊቱ በቀኝ በኩል ወዲያው ይደርሳል፤ በግራ በኩል ግን ዘግይቶ ስለሚደርስ መኪናው ወደ ቀኝ ይሄዳል። ፔዳሉ ሲለቀቅ የቀኙ ወዲያው ይፈታል፤ የግራው ዘይት ግን መመለሻ ስለሚያጣ ፓዱ ዲስኩን እንደያዘ ይቆያል፣ መኪናውም ወደ ግራ ያደላል። ረጅም ቁልቁለት ላይ የግራው እግር በተያዘበት ጊዜ ብቻ ሳይሆን በተለቀቀበትም ጊዜ ሲፈተግ ስለሚወርድ ከቀኙ ይበልጥ ይሞቃል። ይህን ሁሉ በአንድ ጊዜ የሚያደርገው ውስጡ ያበጠ የግራ የጎማ ቱቦ ነው፤ በእግር ኃይል የተገፋ ዘይት በጠባቡ ቀዳዳ እየተጨነቀ ያልፋል፣ የሚመልሰው ኃይል ግን ደካማ በመሆኑ እዚያው ይታሰራል።

ቀጥላ፣ ዕቃ ሳይገዛ የሚረጋገጥበትን መንገድ ጻፈች። መኪናው በክሪክ ተነሥቶ ከሥሩ ጠንካራ ድጋፍ ከተደረገለት በኋላ አንድ ሰው ፔዳሉን አጥብቆ ረግጦ ይለቃል፤ ሌላው የግራውን ጎማ በእጁ ለማዞር ይሞክራል። ጎማው አልዞር ካለ የካሊፐሩ አየር ማስወጫ ቡሎን በትንሹ ይከፈታል። ዘይቱ ተፈናጥሮ ወጥቶ ጎማው ከተለቀቀ፣ የያዘው የታሰረ ግፊት ነው፤ ካልተለቀቀ ግን ፒስተኑ ራሱ ተጣብቋል ማለት ነው። ከዚያ ቡሎኑ ተዘግቶ ፔዳሉ እንደገና ይረገጥና ይለቀቃል፤ በዚህ ጊዜ የሚላላው የጎማ ቱቦው ከብረት ቱቦው ጋር የሚገናኝበት የላይኛው ማሰሪያ ነው። እዚያ ሲከፈት ጎማው ከተለቀቀ እንቅፋቱ ከዚያ በላይ ነው፤ ካልተለቀቀ ግን ግፊቱ የታሰረው በጎማ ቱቦው ውስጥ ነው። የብረት ቱቦው ማሰሪያ በተራ ቁልፍ ጥጉ ስለሚላጥ ስድስቱንም ጎን የሚያቅፍ ቁልፍ እንዲጠቀሙ፣ የፈሰሰውም ዘይት የመኪና ቀለም ስለሚያነሣ ወዲያው በውኃ እንዲታጠብ አሳሰበች።

መልስ 13 እና 14

አራተኛው መላሽ ተመልሶ፣ ጠያቂው በለጠፈው ፎቶግራፍ ላይ ቱቦው ስንጥቅ የሌለውና ደህና የሚመስል መሆኑን በማንሣት ተቃወመ። መምህርቷ ውጫዊው ጎማ ስለ ውስጠኛው ሽፋን ምንም እንደማይናገር መለሰች። ቱቦው በዕድሜ ብቻ ሊያብጥ ይችላል፤ ወደ ሻሲው (የመኪናው የብረት አጥንት) የሚታሰርበት ብረት ውስጡ ዝጎ ሲያብጥም ጎማውን ያንቃል፤ መካኒክ ዘይት እንዳይፈስ ብሎ በፒንሳ ሲቆነጥጠው ወይም የተፈታ ካሊፐር በራሱ ቱቦ ላይ ሲንጠለጠል ደግሞ የውስጡ ሽፋን ይቀደዳል። ጠያቂው ጎሚኒዎቹ ሲቀየሩ ካሊፐሩ ከቱቦው ጋር ተንጠልጥሎ ማየቱን አስታወሰ። አራተኛው መላሽ ይህን ካነበበ በኋላ ካሊፐር በሽቦ ከባሌስትራው ጋር መታሰር እንዳለበት የሚያውቅ መካኒክ እየጠፋ መሆኑን ጽፎ ክርክሩን ተወ።

መልስ 15 እና 16

ዘይት ሲነሣ ክሩ ትንሽ ከመንገዱ ወጣ። አንድ ሰው በቸገረ ጊዜ የመሪ ዘይት ጨምሮ እንደሚነዳና ምንም እንዳልሆነ ጻፈ። ከዚህ በላይ የተቆጡበት መልስ የለም። የመሪም ሆነ የሞተር ዘይት ከማዕድን ዘይት የሚሠራ በመሆኑ ለፍሬን ዘይት የተሠሩትን ጎሚኒዎች እንደሚያሳብጣቸው፣ አንድ ጊዜ ከገባም ከማስተሩ እስከ የኋላ ሲሊንደሮች ያለው ጎማ ሁሉ መለወጥ እንዳለበት መካኒኩ አባት አስረዱ። በማስተሩ ማጠራቀሚያ ውስጥ ያለው ምን እንደሆነ ለሚጠራጠር፣ ጥቂቱን በመርፌ ቀድቶ በውኃ ብርጭቆ ውስጥ እንዲጨምረው መከሩ፤ እውነተኛው የፍሬን ዘይት ከውኃው ጋር ይቀላቀላል፣ የማዕድን ዘይት ግን ላዩ ላይ ይንሳፈፋል።

አስራ ስድስተኛው ቁጥሮቹን ጨመረ። ዶት 3 የሚባለው የፍሬን ዘይት ደረጃ አዲስ ሳለ ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሳይፈላ እንዲቆይ ይጠበቃል፤ ውኃ ከጠጣ በኋላ ግን ይህ ልክ ወደ 140 ይወርዳል። ለዶት 4 ልኩ 230 እና 155 ነው። የፈላ ዘይት እንፋሎት ይፈጥራል፤ እንፋሎት ደግሞ ስለሚጨመቅ ፔዳሉ ወለል ድረስ ይወርዳል፤ ቁልቁለት ላይ ፍሬን በጠሰ ከሚባሉት አደጋዎች አንዳንዶቹ ምንም ያልተበጠሰባቸው ለዚህ ነው። ሁለቱን ዶቶች መቀላቀል እንደማይጎዳ፣ ሲሊኮን የሆነው ዶት 5 ግን ከሁለቱም ጋር እንደማይቀላቀል ጠቅሶ ተሰናበተ።

መልስ 17፣ 18 እና 19

ጣርማበርን በስንተኛ ማርሽ መውረድ ይሻላል በሚል ክርክር ሦስት መልሶች አለቁ። በወጣህበት ማርሽ ውረድ የሚለውን የቆየ ምክር የሚቃወም አልነበረም፤ የቀረው ሃይሉክስ ይሻላል ወይስ አይሱዙ የሚለው የማያልቅ ጭቅጭቅ ነው።

መልስ 20

በጀርመን የመኪና ምርመራ ጣቢያ የሚሠራ ኢትዮጵያዊ፣ እዚያ ሁለቱ ጎማዎች ሮለር (የሚሽከረከር በርሜል) ላይ ወጥተው የእያንዳንዳቸው የፍሬን ኃይል ለየብቻ እንደሚለካ ገለጸ። በአውሮፓ ኅብረት ደንብ መሠረት በአንድ አክስል ላይ ያለው ደካማ ጎማ ከጠንካራው ቢያንስ 70 በመቶ ካልደረሰ መኪናው አያልፍም። መርማሪው ግን የሚያየው ትልቁን ኃይል ብቻ ሳይሆን የሁለቱ ጎማዎች መለኪያ መርፌዎች እኩል መውጣታቸውንና እኩል መውረዳቸውን ጭምር ነው፤ አንዱ መርፌ ዘግይቶ ከወረደ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ያው የጎማ ቱቦ መሆኑን ጽፎ የመምህርቷን ግምት ደገፈ። አጭር መልስ ናት፤ ግን ከሩቅ መጥታ ልክ ቦታዋ ላይ አረፈች።

መልስ 21

ጠያቂው ሙከራውን አድርጎ ውጤቱን ይዞ መጣ። የግራው ጎማ ፔዳሉ ከተለቀቀ በኋላ በሁለት እጅ ተገፍቶም አልዞረም፤ የላይኛው ማሰሪያ ሲላላ ጥቂት ዘይት ቢያንጠባጥብም ጎማው እንደተያዘ ቀረ፤ የካሊፐሩ አየር ማስወጫ ሲከፈት ግን ዘይቱ ተፈናጥሮ ጎማው ተለቀቀ። ቱቦውን አውጥቶ በምላጭ ለሁለት ሰንጥቆ ያነሣውን ፎቶግራፍም አቀረበ፤ ወደ ካሊፐሩ በሚጠጋው ጫፍ የውስጡ ጥቁር ሽፋን ከግድግዳው ተላቅቆ እንደ ምላስ ወደ መሀል ተንጠልጥሏል። የስምንተኛው መልስ ጸሐፊ ፎቶውን አይቶ ሳይከራከር አመሰገነ።

መልስ 22

ቀጣዩ ጥያቄ አንዱን ብቻ መለወጥ ይበቃል ወይ የሚል ነበር። መካኒኩ አባት የቀኙም እኩያው ስለሆነ ሁለቱ አብረው እንዲለወጡ፣ ከመርካቶ ሱማሌ ተራ ሲገዛም በቱቦው ላይ የታተመው የተሠራበት ዘመን እንዲታይ መከሩ፤ በመደርደሪያ ላይ ዓመታት የቆየ ጎማ አዲስ ተብሎ ይሸጣልና። ሲታሰር ቱቦው ተጠምዞ እንዳይቀር ላዩ ላይ ያለው ቀጥ ያለ መስመር ይታያል፤ ከዚያም መሪው እስከ ጥግ በሁለቱም በኩል ዞሮ ቱቦው ከጎማውና ከባሌስትራው ጋር እንደማይነካካ ይረጋገጣል። አየሩ ሲወጣ ከማስተሩ ከሚርቀው እግር እንዲጀመርና የጭነት ቫልቩ የራሱ አየር ማስወጫ እንዳለው እንዳይረሳ አከሉ።

መልስ 23

ጠያቂው በሜዳ ላይ በሁለቱም አቅጣጫ ሞክሮ መሳቡ መጥፋቱን አበሠረ። ነገር ግን ፍሬን ሲይዝ የመኪናው አፍንጫ አብዝቶ እንደሚደፋ፣ የፊት ዲስኮቹም አሁን እኩል ቢሆኑም አሁንም በጣም እንደሚሞቁ ጨመረ። መምህርቷ ከኋላ ባሌስትራ ጨምሮ እንደሆነ ጠየቀችው፤ ለጭነት ብሎ አንድ ቅጠል እንዳስጨመረ ተናገረ። የኋላውን ግፊት የሚመጥነው ቫልቭ የጭነቱን ክብደት የሚያውቀው በሻሲውና በአክስሉ መካከል ያለው ርቀት ሲጠብ ነው፤ በተጨመረው ቅጠል ምክንያት የኋላው ከፍ ስላለ ሙሉ ጭነት ሲጫን እንኳ ቫልቩ መኪናው ባዶ ነው ብሎ ያስባል፣ ለኋላውም ግፊት ይቀንሳል፤ ሥራው ሁሉ በፊት ፍሬን ላይ ይወድቃል።

መልስ 24

አራተኛው መላሽ ቫልቩን አውጥቶ መስመሩን በቀጥታ ማገናኘት የብዙ ጋራዦች ልማድ መሆኑን ሲጠቅስ፣ መምህርቷና መካኒኩ በአንድ ድምፅ ከለከሉት። ያለ ቫልቩ ባዶ ፒካፕ በእርጥብ መንገድ ላይ ፍሬን ሲያዝ የኋላ ጎማዎቹ ቀድመው ይቆለፋሉ፤ መኪናውም ዞሮ ፊቱን ወደ ኋላ ይመልሳል። መፍትሔው በአክስሉና በቫልቩ መካከል ያለውን ዘንግ ከአዲሱ ከፍታ ጋር ማስተካከል ሲሆን፣ ይህም በግምት ሳይሆን የፊትና የኋላ ግፊት በጌጅ (በግፊት መለኪያ) እየተለካ የሚደረግ ነው። ጠያቂው ጌጅ ያለው ጋራዥ ደብረ ብርሃን ውስጥ እስኪያገኝ የተጨመረውን ቅጠል ለማስወጣትና ጭነቱን ለመቀነስ ተስማማ፤ መምህርቷም ማንም ያንን ዘንግ ከመንካቱ በፊት ቡሎኑ አሁን ያለበት ቦታ ላይ በቀለም ምልክት እንዲያደርግ አሳሰበችው።